የቤተሰቡን ግሩፕ አትዝጊው፤ መርዶ ግን አይለጠፍበት

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ሰላም ለእርስዎ። ፒያሳ ተወልደን ያደግን አራት ልጆች ነን። ሰፈሩ ሲፈርስ እናትና አባቴ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እኔ አራት ኪሎ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ወንድሜ ከወላጆቻችን ጋር ነው፤ አንዷ እህቴ ዱባይ፣ ታላቋ ደግሞ ሜሪላንድ ነች። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት አክስታችን አረፈች። ታላቋን እህቴን ያሳደገቻት እሷ ነች። በዚያው ማታ ወንድሜ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ግሩፑ ላይ ለጠፈው። እህቴ ሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግሩፑ ወጥታለች፣ ወንድሜንም ብሎክ አድርጋዋለች። እሱ ‹ሁሉም ይወቅ ብዬ ነው፣ ምን አጠፋሁ?› ይላል። እናቴ መሃል ሆና ታለቅሳለች። አባቴ ‹ቤቴን ያፈረሰው ይሄ ስልክ ነው፣ ዝጉት› ይላል። ሙት ዓመቷ እየደረሰ ነው። ግሩፑን ልዝጋው?»

ሰላም እህቴ። አክስትሽን ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

አትዝጊው። ምክንያቱን ግን ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ግሩፑን ብትዘጊውም ባትዘጊውም እህትሽና ወንድምሽ እንደተኳረፉ ነው የሚቀሩት፣ የእኔ ሥራ ደግሞ ቤተሰብ ማማከር እንጂ ስልክ መጠገን አይደለም።

አባትሽ ያሉትን ሥራ ቦታዬ በየጊዜው እሰማዋለሁ። «ስልኩ ነው ያጣላን።» አባት ይለዋል፣ ሚስት ትለዋለች፣ አንዳንዴም ልጆች ስለ እናታቸው ይሉታል (ቲክቶክ ላይ የሚያመሹ እናቶች ስንት እንደሆኑ ብታዪ!)። ውሸት ነው አልልም። ግን የእናንተ ቤት ሰው ማውራት አላቆመም። እንዲያውም ከእናትሽ የወጣትነት ዘመን ጋር ብታስተያዪው ብዙ ታወራላችሁ። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ነው። ከዚያ በፊት ከአሜሪካ የሚደወለው ስልክ ያላት ጎረቤት ቤት ነበር። «ልጅሽ በስልክ ናት!» ሲባል እናት ነጠላዋን ሳታጣፋ ትሮጣለች፣ ግማሹን ሰዓት ታለቅሳለች፣ ግማሹን «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ትላለች፣ መስመሩ ይቋረጣል። ዛሬ እህትሽ ሜሪላንድ ሆና እናትሽ የምትከትፈውን ሽንኩርት ማየት ትችላለች። የወሬ እጥረት የለባችሁም።

የጠፋው ተራው ነው። ማን ለማን፣ መቼ፣ በምን አኳኋን ይናገር የሚለው።

በእኛ ቤት ከባድ ነገር እንዲሁ ሰው ላይ አይወረወርም ነበር። ልጅ ፈተና ሲወድቅ ለአባቱ አይናገርም፤ ለእናቱ ነው። እናት ደግሞ አባት በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ፊቱ ፈታ እስኪል ትጠብቃለች። ብር የቸገረው ታላቅ እህቱን ለብቻዋ ይጠራታል። የተቀየመ ሰው ጋ ሽማግሌ ይላካል። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም፣ ግን በየቤቱ ይህን የሚሠራ ሰው ነበረ፤ አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም ታላቅ እህት። አሠራሩ ጉድ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ብዙ ነገር ተድበስብሶበታል፣ ብዙ ሴት ልጅ መናገሪያ አጥታበታለች፣ ይሄንንም እኔ ጋ መጥተው ከሚያለቅሱት እሰማለሁ። ቢሆንም መሃል ላይ የሚቆም ሰው ነበር። ግሩፑ ያን ሰው ነው ከሥራ ያስወጣው። አሁን ሁሉም ሁሉንም ነገር በአንድ ደቂቃ ይሰማል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ መርዶ ላይ ሲሆን ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ግን እህትሽ ያጣችው ይህንን ስለሆነ አንድ በአንድ እናስታውሰው። ማታ አይነገርም፤ ሰው ያን ሌሊት ብቻውን ታቅፎት እንዳያድር። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች፣ የእድር ሰዎች፣ የልብ ጓደኛ ተጠራርተው ይሄዳሉ። ከመሃላቸው አንዱ ሐዘንተኛዋ ግፊት ወይም ስኳር እንዳለባት ያውቃል። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሁሉ ይደብቃል። «ትንሽ አሟታል» ይባላል፣ እንባ የቀደመው ሰው ወደ ጓዳ ይገባል፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ቁንጥጫ ይቀምሳል። በሩ ተንኳኩቶ ያን ሁሉ ሰው በአንዴ ስታይ ገና ሳይነገራት ይገባታል። ያኔ ግን የሚይዛት እጅ አለ። ውጭ አገር ላለ ሰውም እንዲሁ ነው፣ አሁንም ድረስ በደንብ የሚያደርጉት አሉ። ከዚህ የሚደወለው ለሐዘንተኛዋ አይደለም፣ ለጓደኛዋ ነው። ጓደኛዋ ሌሎቹን ትሰበስባለች፣ የሥራ ሰዓቷን ያጣራሉ፣ ቤቷ እስክትገባ ይጠብቃሉ፣ አብረው ይገባሉ። ወደ አገር ቤት የሚደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶውም እዚያው ይቀመጣል።

ለወሬ ማድረስማ አንድ ሰው ይበቃ ነበር። ያ ሁሉ ድካም ስትሰማ ብቻዋን እንዳትሆን ነው።

ወንድምሽ «ሁሉም ይወቅ ብዬ ነው» ሲል አምነዋለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ለጠፈው እንበል። እሱ ያለው ለቅሶ ቤት ነው፤ እናቱ አጠገቡ ናት፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል፣ ስለ ድንኳን ይወራል። ሜሪላንድ በዚያች ሰዓት ከቀኑ ሰባት ነው (በእኛ ክረምት ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ስምንት ይሆናል)። እህትሽ ምሳዋን እያሞቀች ይሆናል። ዙሪያዋ ያሉት ሰዎች አክስቷን ቀርቶ የእሷን ስም እንኳ አስተካክለው አይጠሩም። ስልኩ ጮኸ፣ አየችው። ከዚያስ? ማን ይያዛት? መጸዳጃ ቤት ገብታ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ የቀረውን ሰዓት ሠርታ ይሆናል ወደ ቤቷ የሄደችው። ጠይቂያት፤ እስካሁን የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚያ ላይ ግሩፑ ውስጥ ያለ ዘመድ ሁሉ፣ አምና የገባችው የአጎት ልጅ ሚስት ሳትቀር፣ ከእሷ እኩል ሰማ። ምናልባትም ቀድሟት። ያሳደገቻት ልጅ እሷ ሆና! ቁጣዋ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ከሐዘኑ በላይ ቦታዋን የተነጠቀች መስሎ ተሰምቷታል። ወንድሟ «ሳላስበው ነው፣ ይቅርታ» ቢላት የማይበርድላትም ለዚህ ነው።

ቴሌግራም ራሱ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አልተሠራም። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ ታላቅና ታናሽ፣ የቅርብና የሩቅ አያውቅም። «መልካም እሑድ» የሚለው የአበባ ፎቶና የሞት ዜና በአንድ ዓይነት ድምፅ ይገባሉ። ዝምታንም ይመዘግባል። ትንንሽ ግሩፖች ላይ መልእክቱን እነማን እንዳዩት ለ7 ቀን ያህል ማየት ይቻላል፤ ዋትስአፕም መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየውን ሰማያዊ ምልክት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አምጥቷል። ድሮ መልስ ያልሰጠ ሰው «አልደረሰውም ይሆናል» ይባልለት ነበር። ያ ጥርጣሬ ስንት ጠብ እንዳስቀረ አሁን ሲጠፋ ነው የገባን። አሁን «አይቶ ዘጋኝ» ነው። ኩርፊያ ይዘው እኔ ጋ የሚመጡ ቤተሰቦች ክፉ ቃል የተነጋገሩ ይመስላቸዋል፤ ስልካቸውን አብረን ስናየው ግን ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ ያላገኘ አንድ «እንዴት ነሽ» ነው።

በጽሑፍ ደግሞ የድምፅ ቃና የለም። ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች የምርና የፌዝ ዓረፍተ ነገሮችን በኢሜይል እንዲልኩ ተደረገ። ተቀባዩ ፌዙን ከምሩ ምን ያህል የሚለይ ይመስላችኋል ሲባሉ 78 ከመቶ አሉ። የተለየው 56 ከመቶ ነው፤ በግምት ከመመለስ ብዙም አይሻልም። ያንኑ በድምፅ ሲናገሩት 73 ከመቶ ደረሰ። አሁን የወንድምሽን «ምን አጠፋሁ?» እንደገና አንብቢው። ፊት ለፊት ቆሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ቢለው የደነገጠ ሰው ነው። ስክሪን ላይ ግን ትዕቢት ይመስላል።

ሌላም አለ፤ ዊስኮንሲን ላይ የሌስሊ ሴልትዘር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው። ትንንሽ ልጃገረዶችን የሚያስጨንቅ ሥራ ሰጧቸው። ከዚያ አንዳንዶቹ እናታቸውን በአካል አገኙ፣ አንዳንዶቹ በስልክ አናገሯት፣ አንዳንዶቹ ተጻጻፉ ብቻ። በአካልም በስልክም ያገኟት ልጆች የጭንቀት ሆርሞናቸው ወረደ። የተጻጻፉት ግን እናታቸውን ጨርሶ ካላገኙት ብዙም አልተለዩም። ልጆች ላይ የተሠራ ነው፣ ለትልቅ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው ብዬ አልምልልሽም። እኔ ቢሮ ከማየው ጋር ግን ይገጥማል። ስለዚህ ይህን ጠብ በጽሑፍ ለማብረድ እንዳትሞክሪ። አንድ ገጽ ሙሉ መልእክት፣ መጨረሻው ላይ የተሰበረ ልብ ኢሞጂ… ተይው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ካልሽ ለምን አትዝጊው ትይኛለሽ፣ ትዪ ይሆናል።

ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ የፈረሰው ቤቱ ብቻ አይደለም። አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖር፣ ቡና ሲፈላ የማይቀር፣ ልጅሽን እንደ ልጁ የሚቆጣ ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ። ካዛንቺስም ተከተለ። የድሮ ጎረቤት ለማግኘት ሁለት ታክሲ መያዝ የግድ የሆነባቸው እናቶች አሉ፣ ጉልበታቸው ደግሞ አይችልም። ለእናትሽ ያ ግሩፕ የድሮው ግቢ ነው። እዚያ ነው ማን ወለደ፣ ማን ታመመ የምትሰማው። እሱን ብትዘጊባት ከአራተኛ ፎቅ ሆና የምትጠራው ሰው የላትም።

ዘግተን ያየንበት ጊዜም አለ፣ እኛ ባንመርጠውም። ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ጠቅላላ ሲቋረጥ ወደ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። የተጣላው ታረቀ? አልታረቀም። በ2015ቱ እገዳ ወጣቱ ቪፒኤን (እገዳ የሚያልፍ መተግበሪያ) ጭኖ ቀጠለ። ከወሬ የተቆራረጡት ቪፒኤን የሚጭንላቸው የልጅ ልጅ አጠገባቸው የሌለ አሮጊቶች ናቸው። አባትሽ ዝጉት ሲሉ መጀመሪያ የሚቀጡት የገዛ ሚስታቸውን ነው።

በነገራችን ላይ አባትሽ ግሩፑ ውስጥ አሉ? ደብዳቤሽ ላይ አላልሽም፣ እኔ ግን የሌሉ ይመስለኛል። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ አባቶች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው። ድሮ ከባድ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሳቸው ነበር። አሁን ሌላው ሰው ስልኩን አይቶ ሲደነግጥ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያሉ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። «ዝጉት» የሚለውን ቁጣ እንደዚያ ስሚው። ስማርት ስልክ ገዝተሽ ልታስተምሪያቸው አትድከሚ፤ ወሬ ሲኖር ቀድመሽ ደውይላቸው፣ ይበቃቸዋል።

ወደ እህትሽ እንመለስ። መጀመሪያ የምትደውዪው አንቺ ነሽ፣ ወንድምሽ አይደለም። የእረፍት ቀኗን አጣሪ። ቪዲዮ ሳይሆን በድምፅ ብቻ ደውይ፤ ሰው ሲያለቅስ ፊቱን የሚያይ ካሜራ አይፈልግም። ስለ ወንድማችሁ አታንሺ። ስለ አክስታችሁ አንሺ። ከዚያ «ያን ቀን እንዴት ሰማሽ? ከማን ጋር ነበርሽ?» በያት። ከዚያ ዝም በይ። ምናልባት ትጮህብሻለች፣ ምናልባት «አሁን ገና ትዝ አልኳችሁ?» ትልሻለች። «እሱ እኮ ሳያውቅ ነው» ብለሽ እንዳታቋርጫት። ዓመት ሙሉ ያልተለቀሰ ለቅሶ ነው፣ ይውጣላት። አንድ ስልክ ላይበቃ ይችላል።

ሙት ዓመቱ መድረሱ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ምን እንዲደረግ እንደምትፈልግ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ትሁን፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ድግሱን፣ ለነዳያን የሚሰጠውን። ብር ላኪ ማለቴ አይደለም! (ውጭ ያለ ሰው የሚጠየቀው ሁሌ ያንን ብቻ ስለሆነ ነው የማስጠነቅቅሽ።) ወስኚልን በሏት። በዚያ ቀን ደግሞ ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞቿ ቤቷ ቢመጡላት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሻማ ተለኩሶ ቢቀመጡ፣ ያመለጣት ነገር በመጠኑም ቢሆን ይደረግላታል። ይህን ለጓደኞቿ ደውለሽ የምታመቻቺው አንቺ ነሽ። ለእሷ አትንገሪያት።

ወንድምሽን ደግሞ አትርሺው። እሱም አክስቱን ነው የቀበረው። ያን ማታ እጁ ወደ ስልኩ የሄደው ሰው ሁሉ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በቤተሰቡ ውስጥ ሐዘንተኛ መሆኑ ቀርቶ ጥፋተኛ ብቻ ሆኗል። አንድ ሰው፣ ጥሩ የሚሆነው አባትሽ፣ ለብቻው ይቀመጠውና መጀመሪያ እሱን ይጠይቀው። ምን ማለት እንዳለበት የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። «ካስከፋሁሽ ይቅርታ» አይበል፤ ካስከፋሁሽ የምትለዋ ነገር ሰውን ይበልጥ ታናድዳለች። «ከሁላችንም ቀድሞ ሊነገርሽ የሚገባው አንቺ ነበርሽ፣ እኔ ነኝ ያንን የወሰድኩብሽ» ይበል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማብራሪያ ሲበዛ ክርክር ይሆናል።

ብሎክ ተደርጎ እንዴት ይላል? በሽማግሌ። ቪዲዮ ላይ ሽምግልና ቀልድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን ሲሠራ አይቻለሁ፣ ከተጠነቀቁበት። ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለቱም የሚያከብሯቸው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከወንድምሽ ጋር ይቀመጡ። በእሷም በኩል ብቻዋን አትሁን፤ አንድ ታላቅ ሰው ወይም የልብ ጓደኛ አጠገቧ ትቀመጥ። ሰዓቱ ለእሷ የሚመች ይሁን፣ ቻርጀር ይሰካ፣ የዋይፋዩም ነገር ይታሰብበት፤ «ይቅርታ» ሊባል ሲል መስመር ተቋርጦ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ የተመለሰ እርቅ አውቃለሁ። ስክሪንሾት የሚያነሳ ወይም የሚቀዳ ሰው እዚያ ክፍል አይግባ። ሲያልቅም ግሩፑ ላይ «እልል በሉ፣ ታረቁ» ብሎ የሚጽፍ አክስትም አጎትም እንዳይኖር አስጠንቅቂ። የምሬን ነው፣ ይህን የሚያደርግ አይጠፋም።

አሁን ግሩፑ። ደንብ ጽፈሽ አትለጥፊ፤ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ደንብ የሚያነበው የለም፣ ያነበበውም ይቀየማል። እናትሽ በገዛ ድምፃቸው በቮይስ ይናገሩት፦ ከእንግዲህ ሞት፣ ከባድ ሕመም፣ የሐኪም ውጤት፣ የብር ጥያቄ እዚህ አይነገርም፤ ለሚመለከተው ሰው ይደወላል። ፎቶ፣ ቀልድ፣ ምርቃት፣ የበዓል እንኳን አደረሳችሁ እንደ ልብ ይሁን። እናት በድምፃቸው ያሉትን ማንም አይጥስም። ማንም ቢረሳ የቴሌግራም ግሩፕ ባለቤት የሌላን ሰው መልእክት ለሁሉም ማጥፋት ይችላል፤ አጥፊውና ደውለሽ ንገሪው፣ ሰው ፊት አትገሥጪው።

ብሩን ለብቻው ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለእናት ሕክምና ማን ስንት ላከ የሚለው ግሩፕ ላይ ሲወጣ፣ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ሲለጠፍ፣ ለግልጽነት ነው ይባላል። የላከው ሰው ልቡ ሞልቶ ይለጥፋል። ያልላከው ደግሞ ምክንያቱን ሠላሳ ዘመድ ፊት መናገር አይችልም፤ ሥራ መልቀቁን፣ ትዳሩ መናጋቱን። ስለዚህ ዝም ይላል፣ ዝምታው ይቆጠርበታል፣ ቀስ በቀስ ስልክም ማንሳት ያቆማል። እንዲህ የጠፋ ወንድም ፍለጋ እኔ ጋ የመጡ አሉ። ሂሳቡን የሚይዝ አንድ ሰው ምረጡ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይደውል።

ስቶሪም ላይ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። «ደህና ናት፣ ዛሬ ፎቶ ለጥፋለች» የሚሉ እናቶች በዝተዋል። ፎቶ ሲነሳ የሚያለቅስ ማን አለ? ፎቶውን ያየ ሰው የደወለ ያህል ይሰማዋል፣ ከዚያ አይደውልም። ልጅቷ ደግሞ መቶ ላይክ አግኝታ አንድ ስልክ አጥታ ታድራለች።

አንድ የሚያስቸግር እውነት አለ። መርዶን እንደ ድሮው ቀናት ደብቆ ማቆየት አሁን አይቻልም። እናንተ ግሩፑ ላይ ባትለጥፉትም ጎረቤት ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል፣ የቀብሩን ቪዲዮ አንዱ በላይቭ ያስተላልፈዋል። ዱሮ የእድሩ ጥሩምባ የሚሰማው ሰፈር ብቻ ነበር፤ አሁን እድሮችም የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ቀብር ደግሞ እኛ ጋ አይቆይም፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው። ስለዚህ ያላችሁ ጊዜ ሰዓታት ነው። ሌሊት አይነገርም የሚለውንም ቢሆን እዚያ ሌሊት ይሁን ቀን ሳያዩ መያዝ አያዋጣም። እድር ከመጠራቱ በፊት፣ ወይም ቢያንስ በዚያው ደቂቃ፣ አንድ ሰው ሥራው ውጭ ያሉትን የሚያረዱ ሰዎች ጋ መደወል ብቻ ይሁን። ሌላ ሥራ አይሰጠው፤ ድንኳኑንም ካህኑንም ሌላው ያስብበት።

ይህ እንዲሆን ግን የሚደወልለት ሰው ስም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሰው በደህና ቀን ይህን መጠየቅ ይፈራል፣ ሟርት ይመስለዋል። ሟርት አይደለም። ለታላቅ እህትሽ ሜሪላንድ ማን ቅርቧ እንደሆነ፣ የት እንደምትኖር፣ መኪና እንዳላት ጠይቂና ቁጥሯን አንቺም አባትሽም ጋ ይኑር፤ የአባትሽ ስልክ ላይ የግድ ይግባ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋ በተራ ስልክ የሚደወለው እሱ ነውና።

እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ ግን የዱባይዋ ናት። ስለ እሷ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽልኝ። ኩባንያ ውስጥ ከሆነች የምትሠራው አብራ የምትኖር ልጅ ትኖራለች፣ የእሷን ቁጥር ያዢ። ሰው ቤት ተቀጥራ ከሆነ ግን ነገሩ ከበድ ይላል፤ እንግዳ አይገባላትም፣ ስልኳን የምትይዝበትም ሰዓት የተወሰነ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለች ልጅ መርዶ ሰምታ በዚያው ምሽት እራት አቅርቢ ልትባል ትችላለች። በእረፍት ቀኗ የምታገኛቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሌላ ቦታ የምታውቃቸው ኢትዮጵያውያን ካሉ ከእነሱ አንዷን ተዋወቂ። ማንም ከሌላት ደግሞ ከራሷ ጋር አሁኑኑ ተስማሙ፦ ከባድ ነገር ቢመጣ እረፍቷ ቀን እስኪደርስ እንድትቆዩላት ትፈልጋለች ወይስ በዚያው ሰዓት እንድትደውሉላት? ሁለቱንም የሚመርጡ አሉ። የእሷን ምርጫ ጠይቂና ለወንድምሽ ንገሪው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለእሷ የሚደውለው እሱ ይሁን።